የዝሆኗ መንትዮችና ጉጉት

ባቢሌ አካባቢ፣ በጎበሌ ሸለቆ፣ አንዲት አሮጊት ዝሆን መንጋዋን ትመራ ነበር። በጋው ሲከፋና ኩሬው ሁሉ ሲነጥፍ ውኃ የት እንደተረፈ የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። ሌላው መንገዱን ለመማር ደንታም አልነበረው፤ እሷ እያለች ምን አስጨነቀው!

አንድ በጋ መንታ መንገድ ላይ ደርሳ ቆመች። ኩምቢዋን ወደ ግራ ዘረጋች፣ ወደ ቀኝ ዘረጋች፤ ቀጥላ የገዛ ልጇን ዞር ብላ አየቻትና "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለቻት።

ሹክሹክታው ተጀመረ። እናቷም በስተርጅና እንዲህ ሆና ነበር፤ አያቷም። ገሚሱ ቡዳ ነው አለ፣ ገሚሱ እርግማን ነው አለ። ብርድ ሸሽታ ከባሕር ማዶ የመጣች ሽመላ ይህን ሰምታ ሳቀች።

"በኮሎምቢያ፣ አንቲዮኪያ በሚባል ተራራማ አገርም እንዲሁ ይባል ነበር" አለች። "የቄስ እርግማን ነው፣ የአንድ ዛፍ ቅርፊት የነካ ይጃጃላል እየተባለ ስንት ትውልድ አለፈ። ኋላ ፍራንሲስኮ ሎፔራ የሚባል ሐኪም ቤተሰቦቹን መንደር ለመንደር ተከታትሎ ከባልደረቦቹ ጋር ደረሰበት፤ ፕሪሰኒሊን 1 የሚባል ዘረመል ላይ ያለ ስሕተት ነው። ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የወረሰው ሰው ገና በአርባዎቹ ዕድሜ መርሳት ይጀምራል። የእናንተም ከምራቅ ይታወቃል። ጉጉት ታነባለች።"

ጉጉት! ጣሪያ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል የምትባለዋ።

አሮጊቷ ቁርጥ አንድ የሆኑ መንታ ሴቶች ልጆች ነበሯት። ታላቂቱ "ልወቀው፤ ካለብኝ ሳልረሳ መንገዱን ለልጆቼ ላሳይ" አለች። ታናሺቱ ግን "እታለሜ፣ እኔን ተይኝ። የሚያድን መድኃኒት ያልተገኘለትን ነገር አውቄ፣ ዕድሜ ልኬን ጉጉት ጆሮዬ ላይ ልትጮህ ነው?" አለቻት። ሽመላዋ ለዚህችም አዘነችላት። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን እንኳ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የዘር መረጃው ተነቦ ይፋ ሲሆን፣ አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋር የተያያዘውን አንዱን ዘረመል ዝለሉልኝ ብሏል፤ አያቱን የያዛት ይኸው በሽታ ነበር። ፈሪ ነው የሚለው ካለ፣ እኔ የለሁበትም።

ታላቂቱ በሌሊት ሄዳ ምራቋን ሰጠች። ጉጉት አንብባ "የኮሎምቢያው ዓይነት አይደለም" አለቻት። "ያንን የወረሰ አያመልጥም ማለት ይቻላል። ያንቺ አፖኢ 4 የሚባለው ነው፤ ያውም ከአንድ ወላጅ ብቻ። ዕድሉን ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ ያደርጋል እንጂ አይፈርድም። ኖሮበት ሳይረሳ የሚያረጅ አለ፤ ሳይኖርበት የሚረሳም አለ።" ዝሆኗ "ሁለት ሦስት እጥፍ" ከሚለው በኋላ የሰማችው ነገር የለም።

ለማንም ሳትናገር፣ ከኩሬው እስከ ወንዙ፣ መታጠፊያ በደረሰች ቁጥር፣ ለመንገድ ምልክት የግራሩን ቅርፊት በጥርሷ ትልጥ ጀመር። ታናሺቱ ከኋላ ስትመጣ አንዱን የተላጠ ዛፍ በኩምቢዋ ዳሰሰችው። ገና እርጥብ ነው፤ ሙጫው ይጣበቃል። ምንም አልጠየቀችም። የእህቷ ምራቅ የእሷም ምራቅ ነው።

ዛፉን ያየ ሌላም ነበር። አያ ጅቦ በደጉ ዘመን ከየመንጋው መዋጮ እየሰበሰበ፣ ያረጀውን አስጠልላለሁ ብሎ የሚዋዋል ነጋዴ ነው። አንበሳው "በዘር በተወረሰ ነገር ሰበብ ማንም ከግጦሽና ከሥራ እንዳይከለከል" ብሎ ዐውጆ ነበር፤ የእርጅና መጠለያን ግን አላነሳም። (አሜሪካኖች በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሕግም እንዲሁ ነው፤ የጤና መድንንና ቅጥርን ይጠብቃል፣ የሕይወትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድንን አይነካም። እዚያ ያላችሁ ወገኖች ምራቃችሁን በፖስታ ከመላካችሁ በፊት ይህን ልብ በሉ።) ጅቡ የተላጠው ዛፍ ምን እንደሚል ገባውና መዝገቡን ገልጦ ሁለቱንም እህትማማች ሰረዘ። አንደኛዋ ምራቋን አልሰጠችም ቢሉት "መንታ አይደሉም እንዴ?" አለ።

መንጋው በታላቂቱ ላይ ተነሣ። "እህትሽን አስበላሻት!" አሏት። ወዲያው ደግሞ በታናሺቱ ዞሩባት፤ ሳትመረመር አንከተላትም፣ እንዲያውም ሁሉም ይመርመር ተባለ። እንኮዬ ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና ስታዳምጥ ቆየችና "ለመሆኑ ወንዙ በየት በኩል ነው?" ብላ ጠየቀች። ከመንጋው የመለሰ አልነበረም። "ታዲያ የእነዚህን ደም ከምትመረምሩ መንገዱን አታጠኑም?"

ከዚያ ወዲህ ዝሆን ሁሉ ይልጣል። ጥርስ ያላበቀለው ግልገል እንኳ በኩምቢው ቅርፊት ይጎትታል። የተመረመረችው የቷ፣ ያልተመረመረችው የቷ እንደሆነች ከዛፉ አይለይም። አሮጊቷም ልጆቿን ባታውቅም ከመካከላቸው ሆና ወንዝ ትወርዳለች። ታናሺቱ ጉጉት ዘንድ ዛሬም አልሄደችም፤ የሚጎተጉታትም የለም።

ጅቡ ብቻ ተቸገረ። ሸለቆው ሙሉ የተላጠ ዛፍ ነው፤ ማንን ሰርዞ ማንን ይተው? መረጃ ተደበቀብኝ ብሎ አንበሳው ዘንድ ከስሷል። ክሱ ዛሬም በቀጠሮ ላይ ነው።