ይድረስ ለመንገድ ባራኪው ነቢይ

የተከበሩ ነቢይ ሆይ፣ ጌታ ይባርክዎ! በዚህ ሰላምታ ካልጀመሩ ሆሳዕና ላይ ሰው መሆን አይቻልም።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ጎረቤቴ አረቄ ቤት በረንዳ ላይ በመታየቱ ለ3 ወር ከጌታ እራት መታገዱ ሁላችንንም አንጾናል። የቆመው ዝናብ ሊያሳልፍ ነበር ይባላል፤ ቢሆንም ቅድስና ዝናብ አያውቅም። ልጆቻችንን ወደ ጆበርግ የሚጭነው ደላላ ግን ጠላ እንኳ ቀምሶ ስለማያውቅ የፊት ወንበር ይገባዋል። አስራቱንም አያጓድልም፤ ስንት ልጅ እንደጫነ ከአስራቱ እንቆጥራለን።

የጎረቤቴን የወንድም ልጅ አባቱ የእንሰት ማሳውን፣ እናቱ ላሟን ሸጠው ሲሸኙት፣ እጅዎን ጭነው «መንገዱ ቀንቷል፣ ጆበርግ ላይ በረከት አያለሁ» ያሉትን ሰምቻለሁ። የሐዲያና የከምባታ ቀደምት ወንጌላውያን በጣሊያን ዘመን ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ በእግራቸው እየዞሩ ሰበኩ፣ ታሰሩም፣ ተገረፉም። እነርሱ ራሳቸው ሄዱ፤ እርስዎ ይልካሉ። አገልግሎቱ እንዴት እንዳደገ አያስደንቅም?

በዚሁ «በቀናው» መንገድ፣ መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ 64 ኢትዮጵያውያን ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እነርሱም ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ስልኩ ያልጠራላት እናት ሁሉ እነዚህን ቁጥሮች ታስባለች።

የጎረቤቴ የወንድም ልጅም ስልኩ ዝም ካለ ቆየ። እርስዎ ለቅሶ ቤት መጥተው «አብረው ከሄዱት ልጆች መካከል ኃጢአት የሸሸገ ነበረ» አሉ። የደረሰ ልጅ ሲሆን ግን ምስክርነቱ በሞንታርቦ ይነገራል፤ እሱ የእርስዎ ጸሎት ፍሬ ነው። ነቢይ ሆይ፣ ዮናስ የተሳፈረበት መርከብ እንኳ ሌሎቹን ይዞ አልሰጠመም። በእነዚያ ልጆች መካከል ከዮናስ የባሰ ማን ኖሮ ይሆን?

እናቲቱ ለጸሎቱ የሰጠችው መባ ይመለስላት አልልም፤ ለጌታ የተሰጠ አይመለስም። ይልቅ የእርስዎ ልጅ በቦሌ፣ በቪዛ፣ በአውሮፕላን መሄዱን ሰምተን ደስ ብሎናል። ታናሹ ግን ገና እዚሁ ነው አሉ። መንገዱ ይህን ያህል የቀና ከሆነ ለእርሱም አንድ ቦታ ይያዙለት። ደላላውን ፍለጋ አይደክሙም፤ እሑድ አጠገብዎ ነው የሚቀመጠው።

ከኋላ ወንበር፣
አስራት ያጓደለው ምእመንዎ