ስቱዲዮ በብርድ ልብስ

ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ልብሱን እያወለቀ ነው የሚወርደው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጉም፣ ጣሊያን ከፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ይነሳል፤ ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን ያጣጥፋል፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሹራቡም ጭኑ ላይ ነው። ሮቢት ሲደርስ የቀረው ሸሚዝ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚለብሰው በይሉኝታ ነው።

እኔም እንዲሁ ተራቁቼ እህቴ ቤት ስገባ፣ ልጇ በጠራራ ቀትር፣ በር ዘግቶ፣ ከነራሱ ወፍራም ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል።

«ወባ ነው?» አልኳት እህቴን ደንግጬ።

«ምን ወባ! ስቱዲዮ ነው።»

ልጁ መጽሐፍ እየተረከ ዩቲዩብ ላይ ሊለቅ አስቧል። ድምፁ አይከፋም። ብርድ ልብሱም ቢሆን እብደት አይደለም፤ ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይተፋል፣ ጨርቅ ግን ይውጠዋል። ጥፋቱ ብርድ ልብሱ ደገኛ፣ ቤቱ ቆለኛ መሆኑ ነው። ካሰበ ስምንት ወር ሞልቶታል። ስንት መጽሐፍ ተረክህ ብለው፣ «ጋሼ፣ ገና ሶፍትዌር እየመረጥኩ ነው» አለኝ። በስምንት ወር እኮ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተጥሎ፣ ሰርግ ተበልቶ፣ ሙሽራይቱ ማርገዟ ይወራል።

መጀመሪያ የጫነው ኦዳሲቲን ነበር። ካርኔጊ ሜለን በሚባል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች የጀመሩት፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተለቀቀ ነጻ ፕሮግራም ነው። ቀዩን ነጥብ ትጫናለህ፣ ትናገራለህ፣ የተሳሳትክበትን መርጠህ ታጠፋለህ። ብቻውን ለሚተርክ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ነገር ግን ነጻ ሆነና ተናቀ። «ፕሮፌሽናል አይደለም» ተባለ። ማን አለ? «ልጆቹ።» እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ፍርዳቸው ግን ይግባኝ የለውም።

ልጆቹ ፍሩቲ ሉፕስ ይሻልሃል አሉት። (ፕሮግራሙ ስሙን ኤፍኤል ስቱዲዮ ካለ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጆቹ ግን በሕፃንነት ስሙ ነው የሚጠሩት።) ምት ለሚያቀናብር ሰው ግሩም ነው፤ ለትረካ መጫን ግን ቆሎ ለመቁላት ዳቦ ቤት መክፈት ነው። ቀጥሎ ኩቤዝ መጣ፤ የጀርመን ሥራ፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሙዚቀኛ መሣሪያ። ዋጋው ስለማይቀመስ ከአንድ ኮምፒውተር ቤት ከነክራኩ በፍላሽ ተገለበጠለት። የመመሪያው የመጀመሪያ መስመር «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ይላል። አንድ ሰው በሌሊት መጥቶ ከአጥር ውጭ «ውሻህን እሰርልኝ» ቢለኝ እኔ እጠረጥር ነበር። ልጁ አሰረ። በማግስቱ የኮምፒውተሩ ፋይል በሙሉ፣ የእኔ የሰርግ ፎቶ ሳይቀር፣ ሾርትከት ሆኖ አደረ።

አሁን ያለው ሪፐር ላይ ነው። ለ60 ቀን ሞክሩኝ ይላል፤ ቀኑ ቢያልፍም አይዘጋም፣ በከፈትከው ቁጥር ስንት ቀን እንደቆየህ ይነግርሃል እንጂ። ልክ እንደ ሰፈር ባለሱቅ፣ ዱቤ አይከለክልም፣ ግን በገባህ ቁጥር ደብተሩን ገልጦ ያሳይሃል። ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ልጁ መክፈል አይጠላም፤ ዶላሩንና ካርዱን የሚሰጠው አጣ እንጂ።

«እስቲ የቀዳኸውን አሰማኝ» አልኩት።

አሰማኝ። መጀመሪያ ቬንትሌተሩ መጣ። ከቬንትሌተሩ ኋላ ባጃጅ፣ ከባጃጁ ኋላ አይሱዙ፣ ከአይሱዙው ኋላ የጎረቤት ዶሮ። ከሁሉም ኋላ፣ በጣም ራቅ ብሎ፣ የእህቴ ልጅ። ቬንትሌተሩ ከጠፋ ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ካልጠፋ ቬንትሌተሩ ራሱ ይተርካል። ሌሊት እንዳይቀዳ ውሾቹ አሉ። ጩኸት ማጥፊያውን ሞክሮት ነበር፤ ጩኸቱ ብቻ ያለበትን ቦታ ታሳየዋለህ፣ ከዚያ ያንን ከሁሉም ላይ ይቀንስልሃል። ቬንትሌተሩ በእርግጥ ሄደ፤ ሲሄድ ግን የልጁን ድምፅ ግማሹን ይዞ ሄደ፣ የቀረው ጋን ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ነው።

ደግሞ በሰከንድ 96,000 ጊዜ እየለካ ነው የሚቀዳው። የሰው ጆሮ ቢበዛ በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ያለውን ነው የሚሰማው፤ ሲዲ በ44,100 ልኬት ስንት ዘመን አዘፍኖናል። «ጥራት ነው» አለኝ። ጥራቱስ አለ፤ እንዲህ ጥርት ብሎ የተቀዳ ዶሮ በይፋት ምድር ሌላ የለም።

ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ድምፅ የሚቀረጸው በቴፕ ነበር፤ በዚያ ዘመን ማረም ማለት ክሩን በምላጭ ቆርጦ በፕላስተር መቀጠል ነው። ይህን ብነግረው ልጁ ትንሽ አሰበና «የምላጩ ፕለጊን ይኖር ይሆን?» አለኝ። ቀልዱን ይሁን የምሩን አላወቅሁም።

ይህን ስንባባል እህቴ ቡና እያፈላች ስልኳን አነሳች። ጅዳ ያለችው ልጇ በኢሞ ድምፅ ልካላታለች። መልሱን ለመስጠት የማይኩን ምልክት በአውራ ጣቷ ተጭና ጀመረች፤ ረከቦቱ እየተንኳኳ፣ ከሰሉ እየተንጣጣ። መሃል ላይ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ የተናገረችው ደስ አላላትም፣ ጣቷን ወደ ጎን ሸርተት አድርጋ ሰረዘችውና እንደገና ጀመረች። በአርትዖት የፈጀችው አንድ ሰከንድ ነው።

«ወንድምሽማ ደህና ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው ያለው፤ አይ፣ አላመመውም» አለችና ስልኩን ወደ ጉብታው አስጠጋችው። «በል አንድ ቃል በላት።»

«እማዬ፣ እየቀዳሁ ነው!» አለ ከውስጥ።

«እኔስ ምን እያደረግሁ መሰለህ?» አለችና ጣቷን አነሳች። ሄደ።