የማታ እንጀራ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በማታ ተማሪው ላይ የደረሰውን ግፍ አንስቶ የሚሟገት ሰው እስካሁን አለመገኘቱ ያሳዝናል። ወርሃዊ ክፍያውን ከልጁ ጫማ ቀንሶ የከፈለ፣ እሱ ቢቀርም ፊርማው ከአቴንዳንስ ላይ ቀርቶ የማያውቅ፣ በቡድን ሥራው ሽፋን ላይ ስሙ ከነአያቱ የሰፈረ ሰው፣ አንድ ጠዋት ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው «ለመሆኑ ምን ተማርክ?» አሉት። ዓመታት ሙሉ ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ጥያቄ! ያውም ጋውኑ ከታየ፣ በጉ ከታሰበ፣ የአጎት ልጅ ለምርቃቱ ከክፍለ ሀገር እንዲመጣ ከተነገረው በኋላ።

የመውጫ ፈተና ይሉታል። ዲግሪውን በእጅ ለማስገባት ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት ከመቶ 20 እንኳ አልሞሉም። ወሬኛው ሁሉ «የትምህርት ጥራት ወደቀ» እያለ ጮኸ። ጥራትማ ከወደቀ ቆይቷል፤ የወደቀበትን ቀን የሚያስታውስም የለም። ያን ቀን የፈረሰው ሌላ ነገር ነው፤ ያለ ወረቀትና ያለ እማኝ፣ በመተማመን ብቻ በሦስት ወገኖች መካከል ሲሠራበት የኖረ ውል።

ውሉ እንዲህ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ ወይም በተዛማጅ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ እንዲሁም አግባብ ያለው 4 ዓመት የሥራ ልምድ። አመልካቾች ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን ይዘው ይቅረቡ ይላል እንጂ ስለ ዕውቀት አንድ ቃል አይተነፍስም። ኮሌጁ ደግሞ ወር በገባ ክፍያ ይፈልጋል፤ ከዚያ ወዲያ በተማሪው የግል ጉዳይ ውስጥ አይገባም፤ መማሩም አለመማሩም የግል ጉዳይ ነው። ተማሪው ወረቀቱን ይፈልጋል፤ ወረቀቱ ደረጃ ያስገኛል፤ ደረጃው የቤት ኪራይ ይከፍላል። ታዲያ እዚህ ውስጥ ማን ማንን ዋሸ? እንዲህ ቃሉን የሚያከብር ገበያ መርካቶ ውስጥ እንኳ አይገኝም።

ነገሩ ምን ያህል የሠለጠነ እንደሆነ ለማየት አንድ ምሽት ክፍል ገብቶ መቀመጥ ይበቃል። ከታች ሞባይል መሸጫና ካፌ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ኮሌጅ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ኋላ ወንበር ላይ አንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዘለል ብሏል። በእሳቸው ዘመን ሞዴል 19 ሳይቆረጥ አንዲት እስክሪብቶ መጋዘን አልገባችም፤ ሞዴል 22 ሳይፈረም አንድ ደስጣ ወረቀት አልወጣም። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ደንብ ማንም ሳያስተምራቸው፣ ቀለም ደርቆ፣ ጎማ ተሰነጣጥቆ ሲያዩ ደርሰውበታል። ፊታቸው የቆመው ሌክቸረር የልጃቸው እኩያ ነው። የዛሬው ትምህርት የዕቃ ክምችት አያያዝ ነው፤ ሃንዳውቱ የሚያወራው አሜሪካ ውስጥ ስላለ መኪና ፋብሪካ ነው፤ ልጁም መጋዘን የሚባል ነገር ከውስጥ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ሴትየዋ እጃቸውን አወጡ። «ቲቸር፣ ካርዱ ላይ ካለ፣ ቆጠራ ላይ ግን ዕቃው ከጎደለ፣ ዕዳው ማን ላይ ነው የሚያዘው?»

ልጁ ሃንዳውቱን ወደፊትም ወደኋላም ገለጠ። «እሱ ለፈተና አይመጣም፣ ማዘር።»

ሴትየዋ አመስግነው ተቀመጡ። ለምን እንደመጡ ያውቃሉና። የመሥሪያ ቤታቸው መዋቅር ሲጠና የንብረት ክፍል ኃላፊነት ዲግሪ የሚጠይቅ መደብ ሆነ፤ ዲግሪ ያለው ወጣት ተሾመባቸው። ሞዴል 22 የት የት ላይ እንደሚፈረም ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ሪፖርቱን እሳቸው ያዘጋጃሉ፣ እሱ ይፈርማል። እንግዲህ እሱ የደረሰበት ለመድረስ፣ ቀን ሲሠሩት የዋሉትን ሥራ፣ ማታ ከማያውቀው ልጅ፣ በማይገባቸው እንግሊዝኛ ይማራሉ። ይህን ከንቱ ድካም የሚል ካለ ስለ ሰው ሀብት ልማት ምንም አልገባውም።

የዚህ ሥርዓት አክሊል ግን ሪሰርቹ ነው። ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ ምሰሶዎቹን ልብ ብሎ ያየ፣ «ፕሮፖዛል፣ ሪሰርች፣ አሳይመንት እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ሳያገኝ አያልፍም። አማካሪዎቹ ትጉሃን ናቸው፤ አማክረው አማክረው በስፓይራል ጠርዘው ያስረክባሉ። ርእሱ የታወቀ ነው፤ የሠራተኞች ተነሳሽነት በሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በእገሌ ባንክ። የዛሬ ዓመት ያው ርእስ በእገሊት ባንክ ተሠርቶ ነበር፤ ለከርሞው በኢንሹራንስ ይሠራል። ውጤቱም አስተማማኝ ነው፤ ተነሳሽነት ከአፈጻጸም ጋር የማይዛመድበት ባንክ እኔ ባየኋቸው ጥራዞች ውስጥ አልገጠመኝም።

መጠይቁ በሻይ ሰዓት ይሞላል። ጠርዝ ላይ የተቀመጠ አንድ ደግ ባልደረባ አምስቱን ይቀበልና፣ መርማሪ እንዳይጠረጥር ሦስቱን በሰማያዊ፣ ሁለቱን በጥቁር እስክሪብቶ ይሞላል። «በጣም እስማማለሁ» ላይ ደርድሮ ሲያበቃ፣ ለሳይንስ ክብር ሲል አንዱን ብቻ «አልስማማም» ላይ ያደርገዋል። ከዚያ ቁጥሩ ወደ ሶፍትዌር ይገባል፤ ሶፍትዌሩ አማርኛም ሐሜትም ስለማያውቅ የሰጡትን ይደምራል። ምክረ ሐሳቡ «ማኔጅመንቱ ለጉዳዩ ልዩ ትኩረት ሊሰጥ ይገባል» ይላል። አማካሪው መቸኮሉ አይቀርምና አንዳንዴ ምዕራፍ አራት መሐል የአምናው ባንክ ስም ሳይቀየር ይቀራል፤ አድቫይዘሩም እዚያ ድረስ ስለማያነብ ችግር የለውም። ተማሪው በገዛ እጁ የጻፈው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ የምስጋናው ገጽ። እሱ እውነተኛ ነው። ፈጣሪውን፣ እናቱን፣ ልጆቹን ይዛ ማታ ማታ ስትጠብቀው የኖረች ባለቤቱን ያመሰግናል፤ ያችን ገጽ ያነበበ ሰው ሆዱ ይባባል።

ይህን የመሰለ ስምምነት የሚያበላሹ ጥቂት እልኸኞች እንዳሉ መደበቅ አልችልም። አንዲት የባንክ ገንዘብ ከፋይ አለች፤ ሒሳቧን ዘግታ፣ የጎደለ ካለ ከኪሷ ሞልታ፣ ከሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፋ ክፍል ትደርሳለች፤ ሲበዛ ጥፋተኛ ነች። ትጠይቃለች። የቡድን ሥራውን ብቻዋን ትሠራለች፤ ሰባት ስም ከስሟ በላይ ይሰፍራል። ቤቷ ገብታ ልጇን አስተኝታ የኮስት አካውንቲንግ ጥያቄ ትፈታለች፤ ያም አልበቃ ብሏት የመልሱ ወረቀት ራሱ ስህተት መሆኑን ደርሳበት ለሌክቸረሩ ታሳያለች። እንዲህ ዓይነት ሰው ለገበያው አደገኛ ነው። ሁሉም እንደሷ ቢሆን ኮሌጁ መጻሕፍት ቤት መሥራት፣ ሌክቸረሩ ተዘጋጅቶ መምጣት፣ መሥሪያ ቤቱም ያወቀችውን የሚያሠራ ወንበር መፈለግ ሊኖርበት ነው። ማን ይችለዋል?

ያለፈውን ዘመን መናፈቅም ጥሩ አይደለም። ኮሜርስ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ሲቆም ኋላ ቀር አሠራር ነበረው፤ መዝገብ አያያዝ የሚማረው መዝገብ የሚይዝ ሰው ነበር፤ ታይፕ የተማረም ታይፕ ላይ ተቀምጦ ይመታ ነበር። ትምህርቱና ሥራው ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን የሚኖሩበትን ዘመናዊ ጥበብ ገና አልደረሱበትም።

እኛ ግን ለመውጫ ፈተናውም መላ አላጣንለትም። ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናው ከየትኞቹ ኮርሶች እንደሚወጣ ሲያሳውቅ፣ ቴሌግራም ላይ ወዲያው ቻናል ተከፈተ፤ ጥያቄ ከነመልሱ ተለቀቀ፤ የሁለት ወር ቲቶሪያል በቅናሽ ሆነ። ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ምርጫዎቹን ከነፊደላቸው ያጠናል። አንዳንዱም ያልፋል፤ ደግሞም በደንብ ያልፋል። ይህን ባየሁ ጊዜ በአደባባይ ያልተነሳ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ በሁለት ወር የሚያልቅ ከሆነ ያ ሁሉ የዓመታት የማታ ክፍያ ለምን ነበር? ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጮክ ብሎ መጠየቅ የብዙ ባለ ሕንፃዎችን እንጀራ መዝጋት ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ፣ የሰው ሀብት ክፍሉ ራሱ ዲግሪውን ከሹመት ደብዳቤው ጋር አያይዞ ይስጥ፤ ዋጋውን ከደመወዝ በየወሩ ይቁረጥ። ሠራተኛው ማታ ቤቱ ይገባል፤ ልጆቹ አባት ያገኛሉ፤ የንብረት ክፍሏ ሴትዮም ያን አሜሪካዊ ፋብሪካ በሰላም ይለቁታል። ኮሌጁ እንዳይጎዳ ኮሚሽን ይታሰብለት። ጋውኑ፣ ፎቶው፣ ድግሱ እንዳለ ይቀጥል፤ እነሱ ሐሰት ኖሮባቸው አያውቅም።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የሰው ሀብት ኃላፊ ወዳጄ ሳቀርብለት ሳቀና ዘገየህ አለኝ። በሚቀጥለው መዋቅር የቡድን መሪው መደብ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ይመረጣል እንደሚል፣ እሱም ቀድሞ ማስተርሱን እንደተመዘገበ ነገረኝ። የት እንደሚማር ስጠይቀው ያንኑ ሕንፃ ጠቆመኝ፤ ማስተርሱ አንድ ፎቅ ከፍ ይላል።