ለጥቅምት አንድ አፕል

ነገሩን የጀመረችው አሜሪካ የምትኖረው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ናት። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ ፎቶ ላከችልን። ባሏ ቅርጫት አንጠልጥሏል፣ ልጆቹ ቦቲ ተጫምተዋል፣ እሷ ደግሞ ከዛፉ ያልወረደ አፕል ልትገምጥ አፏን ከፍታለች። እዚያ አገር ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የከተማው ሰው ወደ ገጠር ይወጣል፤ ለገበሬው መግቢያ ይከፍላል፤ አፕሉን ራሱ ይለቅማል፤ የለቀመውን ደግሞ አስመዝኖ ይገዛል።

ይህን የሰማነው ጎንደር ፒያሳ፣ ከጣሊያን ዘመኑ ፖስታ ቤት ፊት ለፊት፣ ማኪያቶ ይዘን ነው። ጎረቤታችን የፊዚክስ አስተማሪው ስኒውን አስቀመጠ።

«እኛ አገር ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ እየለመነ ነው የሚያሠራው። እነሱ ደቦ ወጥተው ይከፍላሉ?»

ባለቤቴ ግን ሐሳቧ ሌላ ነበር። ወገራ ያሉት አጎቷ፣ የልማት ሠራተኛ የሰጣቸውን የአፕል ችግኝ ከተከሉ ዓመታት አልፈዋል። «እኛስ ምን አነሰን?» አለች። ይህች ጥያቄ በቤታችን ታሪክ ያላስወጣችው ወጪ የለም።

ለጎንደር ሰው አፕል የበሽተኛ ምግብ ነው። ጤነኛ ሰው ለራሱ አይገዛውም። ግንባሩ ላይ ቲኬት ተለጥፎበት ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ በላስቲክ ይዞት የገባ ጠያቂ ከታማሚው በላይ ወንበር ይለቀቅለታል። ስሙም ገና አልረጋም። እናቴ ፖም ትለዋለች፣ ልጄ አፕል። መጽሐፍ ቅዱሳችን ደግሞ፣ መኃልየ መኃልይ ላይ ሌላው ዓለም አፕል ብሎ የሚያነበውን ፍሬ፣ እንኮይ ብሎ ተርጉሞታል። እኔ ቆላ ሳድግ እንኮይ የበላሁ ሰው ነኝና ተርጓሚዎቹን አልወቅስም። የማያውቁትን ፍሬ በሚያውቁት ተኩ፤ አንባቢውም ምራቁን ዋጠ።

እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወጣን። ያኔ ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ያለ ስጋት የሚኬድበት ጊዜ ነበር። ወለቃ ላይ የሸክላ ሻጮቹን አለፍን። የዚህ መንደር ቤተ እስራኤላውያን፣ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎች አካባቢ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሸክላው ግን በቀሩት እጅ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ኮሶዬ ስንደርስ ልጄ ጭላዳ ካላየሁ አልሄድም ብላ ግማሽ ሰዓት ገደሉ አፋፍ ላይ አቆመችን። ከዚያ ወዲያ ወገራ ነው፦ ገብስ፣ ባቄላ፣ እንደገና ገብስ፣ እና አጥንት የሚሰብር ነፋስ። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ወገራን ሳያይ አልተናገረም።

አጎት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁን። ባለቤቴ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል አንስተው ሳሟት፤ ሁላችንንም ደግመው ደጋግመው ሳሙን፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱን። ስድስት ከተከሉት አራቱ ደርቀው ሁለት ዛፍ ቀርቷል።

«ይህቺ አና ናት» አሉ።

«እና ምን?» አለች ባለቤቴ።

«አና! ስሟ ነው።»

አና እስራኤል ውስጥ ተዳቅላ የወጣች ዝርያ ናት፤ ብርድ ለማያጠግባቸው አገሮች የምትስማማ። በወለቃ በኩል ሰዎቻችንን ሸኝተን አናን ተቀበልን ማለት ነው። ብቻዋን ግን እሺ ብላ አታፈራም፣ ሌላ ዝርያ በአጠገቧ አብቦ ንብ ማመላለስ አለበት። ለዚህ የቆመላት ሁለተኛው ዛፍ ዶርሴት ጎልደን የሚባል የባሃማስ ደሴቶች ተወላጅ ነው። አጎት «ዶርዜው» ይሉታል፤ አላረምናቸውም።

እኔን የገረመኝ እንቅልፉ ነው። አፕል የክረምት ብርድ ለወራት ካላስተኛው እምቡጡ በወጉ አይነቃም። የእኛ ብርድ ደግሞ ሌሊት ውርጭ ጥሎ፣ እኩለ ቀን ላይ ነጠላ የሚያስወልቅ ነው። ዛፉ ይተኛ ይንቃ አያውቅም። ስለዚህ ባለቤቱ በየዓመቱ ቅጠሉን በእጁ አንድ በአንድ ያረግፍለታል። «አስቸጋሪ ልጅ በሉት፤ ልብሱን አውልቀን ነው የምናስተኛው» አሉ አጎት።

ልጄ ፍሬዎቹን ቆጠረች። ዘጠኝ። ባለቤቴ ቅርጫቷን አስተካከለች፣ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፣ አፏን ከፍታ ወደ አና ተጠጋች።

«ምን ልታደርጊ ነው ልጄ?»

«ልለቅም ነዋ፣ አያ።»

«በሰንበት?»

ዝም አልን። መቶ ዓመት ከተማ ብንኖር ይህን መርሳት አልነበረብንም። እሑድ ማሳ አይገባም፣ አይታጨድም፣ አይለቀምም። አጎት ለእንግዳ ብለው በሬ ያርዱ ይሆናል እንጂ በሰንበት ዛፍ አያስነኩም።

«የወደቀስ?» አለ አስተማሪው።

አጎት አሰቡ። «የወደቀ ይበላል።»

ከአናና ከዶርዜው ሥር አጎዛ ተነጥፎልን ቁጭ አልን። አስተማሪው ደስታው ወደር አጣ። ኒውተን በ1666 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ሸሽቶ ገጠር እናቱ ቤት ሳለ የአፕል አወዳደቅ አይቶ መመራመሩን፣ «ራሱ ላይ ወደቀ» የሚለው ግን በኋላ የተጨመረ ወሬ መሆኑን አስረዳን። አርባ ደቂቃ ሙሉ የመሬት ስበት አብራራ። የመሬት ስበት ግን እሱም ሰንበት ያከብር ነበር መሰለኝ፣ አንድ ፍሬ አልወደቀም።

በመሐል የባቄላ እሸት በቅርንጫፉ ተጠብሶ መጣ። ዓርብ ተለቅሞ የተቀመጠ ነው፤ ቅዳሜም ሰንበት ናትና የቤቱ እመቤት አስቀድመው አስበውበታል። ከነልባሱ ጠቁሮ፣ ሲፈለፍሉት አረንጓዴ ሆኖ እንፋሎቱ ፊት ላይ የሚመጣ። ቀጥሎ ድንች ቅቅል ከአዋዜ ጋር፣ ቀጥሎ ጠላ በጣሳ፤ አንዱን ጨርሰን ቀና ስንል ሌላው ተቀድቷል። ጣታችንና ከንፈራችን ከሰል መሰለ። አፕሉን ረሳነው።

ያስታወሰን ቁራ ነው። ያ ምንቃረ ወፍራሙ የደጋ ቁራ መጥቶ አና ላይ አረፈ፤ ትልቁን ፍሬ ሁለት ጊዜ ወግቶ ጣለው። አጎት ሰማይ ሰማይ አዩ፤ ከዚያ ቢላዋ አስመጡ። የቁራውን ድርሻ ቆርጠው ጥለው የቀረውን ለአሥራ አንድ ሰው ከፈሉት። የእኔ ቁራጭ ከቅዱስ ቁርባን ብዙም አትበልጥም ነበር፤ ኮምጣጣ፣ ጠንካራ፣ ውኃዋ ጥርስ የሚያቀዘቅዝ። አስተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ «ከውጭው ይሻላል» አለ። ልጄ ልጣጩን ገልብጣ ቲኬቱን ፈለገች።

መሸት ሲል አንድ ጆንያ እሸትና አንድ ጆንያ ድንች ተጭኖልን ወረድን። ገንዘብ ልንሰጥ ብንሞክር አጎት ተቆጡ። ባለቤቴ ግን ለአሜሪካዋ የምትልከው ፎቶ አልነበራትምና ፒያሳ ደርሰን ከአትክልት ቤት አንድ ኪሎ ቲኬት ያለው አፕል ገዛች፤ ቲኬቱን በጥፍሯ ልጣ ቅርጫቱ ላይ ደረደረችው፤ አንስቼ ላክን።

መልሱ ሌሊት ገባ። አፕሉን አላነሳችውም። «ያ ከቅርጫቱ ጥግ የሚታየው የባቄላ እሸት ነው? የዛሬ ነው? በሰው መላክ ይቻላል?»

ባለቤቴ ጥፍሯ ሥር የገባውን ከሰል በስንጥር እያወጣች ድምፅ ቀዳችላት። «መጥተሽ ራስሽ ልቀሚ። መግቢያ አናስከፍልም። እሑድ ብቻ እንዳትመጪ።»