ክቡር ቱሪስት፣ ዕድሜ 17 ወር

ዐርብ ከሰዓት ወደ ቃሊቲ የሚወርደውን የመኪና ሰልፍ በደንብ ያየ ሰው፣ ከኋላ ወንበሮች በአንዱ ላይ የጉዞውን ባለቤት ያገኘዋል። ዕድሜው 17 ወር ነው። አንድ ጫማውን አውልቆ በመስኮት ሊወረውር ይታገላል። የት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ቢያውቅም አይናገርም፤ ቢናገርም ያሉት ቃላት «እማ»፣ «ውሃ» እና «እምቢ» ናቸው። ሦስተኛውን ከተነሡ ጀምሮ ሲደጋግመው ቆይቷል። እናትና አባት ግን ሰው ሲጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኛማ ምን አለን፣ ልጁ ትንሽ ይዝናና ብለን ነው።»

ወላጅ ለልጁ እንዲህ ሲያስብ ማየት ደስ ይላል። የቀድሞው ወላጅ ልጅ የሚያዝናናበት ዘዴ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወደ ደጅ ማውጣትና ከደጅ ማስገባት። ልጁም በመካከሉ ባገኘው ጣሳ ጭቃ ሲቀዳ፣ የጎረቤት ዶሮ ሲያባርር፣ ጉንዳን ሲከተል ይውላል። ወጪው ሳሙና ነው። ከዚያ ሁሉ ደስታ አንድ ፎቶ እንኳ አልተረፈም። የዛሬው ወላጅ እንዲህ ያለውን ብክነት አይታገስም። ጭቃውና ጣሳው ደጁ ላይ በነጻ እያለለት፣ ልጁን ጭቃ ወደሌለበት ቦታ በገንዘቡ ወስዶ «አትንካ፣ ይቆሽሻል!» ይለዋል።

ዝግጅቱ የሚጀመረው ከሳምንት በፊት ነው። ጋሪ፣ ሁለት እሽግ ዳይፐር፣ ዱቄት ወተት፣ ሁለት ፔርሙዝ፣ የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ፣ የሆቴል ምግብ እንዳይጎዳው የአጃ ዱቄት፣ አጃውን እምቢ ካለ የገንፎ ዱቄት፣ ገንፎውንም ከተፋው ብስኩት፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ቴርሞሜትር፣ በመጨረሻም አያት «ሌላው ቢቀር ይቺን እንዳትረሱ» ብለው በሃይላንድ ፕላስቲክ የላኩት ጠበል። የእናትና የአባት ልብስ በፌስታል ታጭቆ በተገኘው ቀዳዳ ይወተፋል። ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ፍሪጁና ድመቷ ነው። ይህ ሁሉ ተጭኖ የሚኬደው እንግዲህ «ከቤት ጣጣ ትንሽ ለመገላገል» ነው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይህን ርቀት ጨዋታ አድርጎታል፤ ሰው የሚመረረው እስከ መግቢያው ባለው ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ ያለ በቂ ምክንያት መቆም ክልክል ነው። ክቡር ቱሪስቱ ደግሞ በቂ ምክንያቱን የሚያመርተው የክፍያ ጣቢያው ከታለፈ በኋላ ነው። ሽታው ፊት ወንበር ሲደርስ አባት መስኮት ይከፍታል፤ እናት «ንፋስ ይመታዋል!» ብላ ታስዘጋዋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። የቀረውን መንገድ ማንም ማንንም ያላናገረው ለዚህ ነው።

ሲደርሱ ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው፤ አዋቂ ሰው አፋፋቸው ላይ ቆሞ ቢፈዝ አይፈረድበትም። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «አየኸው? ሐይቅ! በል፣ ሐይቅ!» ይላል። ልጁ ያየው መሬት ላይ የወደቀውን የለስላሳ ቆርኪ ነው። ቆርኪ ያብረቀርቃል፣ ይንከባለላል፣ አፍ ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ከሦስቱ ሁለቱን አይችልም። ቆርኪው በግድ ከአፉ ሲወጣ የተሰማው ጩኸት በዳርቻው የነበሩትን ወፎች በሙሉ አስነሣ፤ ከጎን ተቀምጠው ቢራቸውን ይቀማምሱ የነበሩ ፍቅረኞችም ሒሳብ ጠየቁ።

ፎቶው ግን ምንም አይጎድለውም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት ብርዱ ቀልድ አያውቅም፤ ያልሞቀ ገንዳ ውስጥ እግሩን ያስነካ ሕፃን በዓለም ላይ ያለውን እምነት ያጣል። ቢሆንም እናት ገንዳ ውስጥ ሆና ትይዘዋለች፤ አባት ከዳር ሆኖ «ወዲህ! ወዲህ እየኝ! ቁራ መጣ!» እያለ ይዘላል። ከብዙ ደርዘን ፎቶ ውስጥ ልጁ ያላለቀሰበት አንድ ይገኛል። ሊያዛጋ ሲል የተነሣው ነው፤ ግን ሳቅ ይመስላል። ያቺ ትመረጣለች። ልትለጠፍ ስትል ታዲያ የአያት ማስጠንቀቂያ ትዝ ይላል፦ የልጅ ፊት ለሰው አይሰጥም፣ ዓይን ይበላዋል። መድኃኒቱ ስልኩ ውስጥ አለ። ፊቱ ላይ ቢጫ የሳቂታ ምስል ይደረግበታል። «የልጄ የመጀመሪያ ሽርሽር» ተብሎ ለዘመድ፣ ለወዳጅና በተለይ ለማይዋደዱት የሚቀርበው እንግዲህ ጥሩ መነጽር ያደረገች እናት፣ ሰማያዊ ገንዳ፣ እና ከአንገቱ በላይ ሎሚ የሆነ ሕፃን ነው። ከታች ያሉት አስተያየቶች ሁሉ «ሲያምር! ቁርጥ አባቱን!» ይላሉ።

«ሲያድግ ያስታውሰዋል» የሚልም አይጠፋም። በዚህ ላይ ሳይንሱ ጨካኝ ነው። አዋቂዎች የመጀመሪያ ትዝታቸውን ሲጠየቁ በአማካይ ሦስት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ከነበራቸው ጊዜ ወዲያ አይሻገሩም። ሲግመንድ ፍሮይድ ከመቶ ዓመት በፊት ለዚህ የልጅነት መርሳት ስም አውጥቶለታል፤ ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ የጻፈውን ብዙዎች አልተቀበሉትም፣ መርሳቱን ግን የካደ የለም። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ትዝታ የሚያደራጀው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ገና በማደግ ላይ መሆኑን፣ ልጁ ያየውን የሚያስርበት ቋንቋ አለመያዙንም ያነሣሉ። የ17 ወር ልጅ ያየውን ጭራሽ አይዝም ማለት አይደለም፤ ለሳምንታት ለወራት ይይዛል። ጎልማሳ እስኪሆን ግን አያደርሰውም። ከዚህ ዕድሜ ላይ የዕድሜ ልክ ትዝታ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ይህን ከሳይንቲስቶቹ በላይ የተረዱት ነጋዴዎች ይመስላሉ። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወላጁ ጭን እስከተቀመጠ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የአዋቂውን አሥር በመቶ ነው። ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ወርልድ ሦስት ዓመት ያልሞላውን በነጻ ያስገባል። ትዝታ የሚጀምረው ደግሞ ሦስት ተኩል አካባቢ ነው። ዕቃውን ለማያገኝ ሰው ዋጋ የማይጠይቅ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ነጋዴ ከየት ይገኛል? ወላጅ ግን ነገሩን የሚያነበው በተቃራኒው ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ተቀምጦ የልጁን ሦስተኛ ልደት በጣቱ ይቆጥራል። «ሳይሞላው ቶሎ እንሂድ!» ይላል፤ ማለትም ማስታወስ ሳይጀምር። ኦርላንዶ ሲደርሱ ስፔስ ማውንቴን የተባለው መጫወቻ 112 ሴንቲ ሜትር ያልሞላውን አያሳፍርም፤ እሱን እናትና አባት ተራ በተራ ይሳፈሩታል። ልጁ የሚደርሰው ሚኪ ማውስ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አይጥ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣው እናት፣ ቁመቱ ሰው የሚያክል አይጥ እንዲያቅፈው ልጇን ታቀብላለች። ልጁ ነፍሱ እስክትወጣ ሲጮህ «ምን ነካው?» ብላ ትገረማለች።

የአዲስ አበባው ባለጸጋ ደግሞ ዱባይ ይቀርበዋል። ቡርጅ ኻሊፋ 828 ሜትር ነው፤ ወደ 124ኛው ፎቅ የሚያወጣው ሊፍት የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ልጁ ሊፍቱን ወዶታል። በተለይ ቁልፎቹን። ከላይ ሆኖ በረሃውንና ባሕሩን እንዲያይ ከሊፍቱ ሲያወጡት አለቀሰ። ቤቱ አጠገብ፣ ገርጂ ያለው ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ ሊፍት መኖሩን የነገራቸው የለም።

ዓላማቸው ከዚህ ከፍ ያሉ፣ «ልጄ አገሩን ይወቅ» የሚሉ ወላጆችም አሉ፤ እነዚህ በእውነት ይከበራሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ወስደው ከአባ ኮዳ ጋር ያስተዋውቁታል። ወፉ ቆሞ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል፣ ልጁ አንድ ሜትር አልሞላም፤ ስለዚህ ጎብኚው ማን እንደሆነ ለጊዜው አልታወቀም። ከዚያ አርባ ምንጭ ይወርዳሉ፣ ጫሞ ላይ ጀልባ ተሳፍረው አዞ ገበያን ያሳዩታል። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አገር በአብዛኛው የወባ ነው፤ ወባ ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ላይ ትበረታለች፤ አዲስ አበባ የተወለደ ሕፃን ከእሷ ጋር አንድም ቀን ተገናኝቶ አያውቅም። አባት ይህን አጣርቶ አጎበር ገዝቶ ነበር። አጎበሩ ቤት ቀረ፣ ቦታውን ጋሪው ያዘበት። ጋሪው ደግሞ በኮረኮንቹ ላይ አልሄድ ብሎ የሰነበተው መኪና ውስጥ ነው።

ሰሜን ተራሮችን የሚመርጠው ቤተሰብ የባሰ ቆራጥ ነው። የሳንካበር ማረፊያ ከ3,200 ሜትር በላይ ላይ ነው። የከፍታ ሕመም መናገር በማይችል ልጅ ላይ የሚታወቀው በመነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ በማለትና በእንቅልፍ ማጣት ነው። ልጁ እቤቱም ሆኖ ከእነዚህ ሌላ ጠባይ አሳይቶ ስለማያውቅ ወላጆቹ ምንም አልሰጉም። ጭላዳዎቹ ግልገሎቻቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ሣር ሲነጩ ነበር። የትም አልወሰዷቸውም፤ ኋላቀሮች ናቸው።

ከዋሽንግተን ለሚመጣው ልጅ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ይህን አለመናገር ግፍ ይሆናል። አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በጭን ላይ ተበርሮ የሚመጣው አያት ለማየት ነው፤ የሚታየውም ለአያት ነው። ትዝታው በእሱ ባይቀር በእሳቸው ይቀራል። በክረምት የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ሰባት ስለሆነ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለልጁ ገና ምሽት ነው፤ ይነቃል፣ ጨዋታ ይፈልጋል። ወላጆቹ ትራስ ደራርበው ሲተኙ፣ ለጸሎት የተነሡት አያት ያገኙታል። ማንኪያና ድስት ክዳን ይሰጡታል። ሁለቱም እስኪነጋ ይስቃሉ። ጠዋት ላይ ወላጆቹ በጣም የሚያሳስባቸውን ነገር ያነሣሉ፦ «ልጁ እኮ እዚህ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ምንም አላየም!» ወዲያው ሬዞርት ይያዛል። አያት «ደርሳችሁ ኑ» ብለው በር ላይ ይቀራሉ፤ መኪናው ውስጥ ለሳቸው ቦታ የለም፣ ዳይፐር አለበት።

ቦታ ያልጠፋላት አንዲት ሰው አለች። ሞግዚቷ። ስትነሣ «አንቺም በዚያው ትዝናኛለሽ» ተብላለች። እሷ ከሌለች ጉዞው ለሁሉም ልጅ ማሳደግ ይሆን ነበር፤ ከእሷ ጋር ግን ሽርሽር ነው። ምሳ ሰዓት ወላጆቹ ጥብሳቸውን በሰላም እንዲበሉ ልጁን አቅፋ በአትክልቱ ዙሪያ ትዞራለች፤ የእሷ ተራ ሲደርስ ጥብሱ በርዷል፣ ልጁም ነቅቷል። ገንዳው ዳር ፎጣ ይዛ ትቆማለች። በፎቶው ላይ ልጁን ከጀርባ የደገፈው እጅ የእሷ ነው፤ ሲለጠፍ ይቆረጣል። ማታ እንቅልፍ ያጣውን ሕፃን እሹሩሩ ስትል የምታነጋው መሬት በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ነው። በመካከሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም ሳያይ፣ ከባሩ አጠገብ ቆርኪ ለቅማ አጥባ ጣሳ ውስጥ ጨምራ አንኳኳችለት። ልጁ በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ከልቡ የሳቀው ያኔ ነው። ስልኩ ቻርጅ ላይ ስለነበር ፎቶ የለውም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ የሳምንት ዕረፍት ያዛል፤ የቤት ሠራተኛን ግን አያካትትም። እሑድ ማታ ሲመለሱ ጓዙን ያወረደችው፣ በገንዳ ውኃ የራሰውን ልብስ የዘፈዘፈችው፣ ጡጦዎቹን የቀቀለችው እሷ ናት። እናትና አባት ድካሙን ለማስታመም ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስደዋል። ከሰዓት በኋላ ሞግዚቷ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ የፊታችን እሑድ እኅቴ ዘንድ ደርሼ ልምጣ?»

እትዬ ከሶፋው ቀና አለች። ፊቷ ላይ ያለው እውነተኛ ግርምት ነበር።

«ምነው፣ ገና ትናንት ከመዝናኛ መጥተሽ?»