ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ደጋ ላይ የባሕር ጥናት ጣቢያ ይከፈት ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። ግን ምኑ ይገርማል? የመርከብ መሐንዲሶቻችን የሚሠለጥኑት ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ነው። በ1985 ዓ.ም. ያጣነው ወደብ እንጂ ተስፋ አይደለማ!

ጎጃም በበኩሉ ጣና አለው፤ ባሕር ዳር ላይም የዓሣና የሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለው። የሚጠናውም ነገር ዓለም የሚቀናበት ነው፦ ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም የማይገኙ፣ ላቢዮባርበስ የሚባሉ ከደርዘን በላይ የዓሣ ዝርያዎች። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛውን ዓሣ ስለሚያግድ ለብቻቸው ተዋልደው ቀሩ። ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት ሌላ ዓሣ እየበሉ ነው፤ መንጋጋቸው ላይ ግን አንድም ጥርስ የለም። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። አፋቸው ሲታይ የዋህ፤ የገባው ግን አይወጣም። ይህን ጠባይ ለማጥናት ሐይቅ ድረስ መውረድ ምን አስፈለገ? አንድ የግዥ ኮሚቴ ይበቃ ነበር።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ጣና ላይ መጣ። ተመራማሪው ጻፈ፣ ባለሥልጣኑ ጎበኘ፣ ካሜራው ቀረፀ፤ ገበሬው ግን እወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። እምቦጩ ስብሰባ አይጠራም፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል።

ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክራችንም አያሳስብ። አያያዛችን እንዲህ ከቀጠለ በፍስኩም አይገኝም፤ ያኔ ሁላችንም እንስማማለን።