የትኛውን ሪል እንግዛ?

ባስ የሚባለውን አሳ ለማጥመድ ስፒኒንግ ሪል ይሻላል ወይስ ቤይትካስተር? ይህን ጠይቆ ቀጥተኛ መልስ ያገኘ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። ሱቅ ገብተን እንጠይቃለን፤ ሻጩ ዋጋው ከፍ ወዳለው መደርደሪያ ይወስደናል። ወንዝ ዳር ያገኘነውን ሰው እንጠይቃለን፤ እጁ ላይ ያለውን ያወድሳል። ጓደኛ እንጠይቃለን፤ «ሁለቱንም ግዙ» ይለናል። ሁለቱንም ለመግዛት አቅሙ ቢኖረን ኖሮ ምን ያስጠይቀን ነበር?

እኛ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር፣ ከሥራ ስንላቀቅ ፖቶማክ ወንዝ ዳር የምንወርድ ሐበሾች በዚህ ጉዳይ ተሰላችተናል። ብዙዎቻችን አሳ ማጥመድን የምናውቀው ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዳር ክርና መንጠቆ ይዘው ከሚቀመጡ ልጆች ነው። እዚያ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ክሩ ይወረወራል፣ አሳው ሲነክስ ይጎተታል። እዚህ ግን ውኃው ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ፈተና ይቀርብልናል። ጥያቄው ብዙ፣ መልሱ የተደበቀ ፈተና ነው።

ልዩነቱ እኮ ለማስረዳት አይከብድም። ስፒኒንግ ከዘንጉ በታች ይንጠለጠላል። ስንወረውር ክሩ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ ቆሞ ክሩ ብቻ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። ስለዚህ 3 ወይም 5 ግራም የምትመዝን ማባበያ ያለ ጭንቅ ይልካል። ቤይትካስተር ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል። ማባበያው ክሩን ሲስብ ማጠንጠኛው ራሱ ይዞራል፤ እሱን ለማዞር ደግሞ ክብደት ያስፈልጋል። ከ3/8 አውንስ፣ ማለትም ከ10 ግራም ገደማ ጀምሮ ያለ ማባበያ ይስማማዋል። ወፍራም ክር ጠቅልሎ፣ ከባድ ማባበያ ሳር መሀል ጥሎ፣ አሳውን ከነሳሩ ለማውጣት እሱን የሚስተካከል የለም። ሪሉን የሚመርጥልን እንግዲህ የምንወረውረው ነገር ክብደት ነው። ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ቢገኝ ይህ የአንድ ደቂቃ ወሬ ነው። ለምን ዓመታት ይፈጅብናል?

የሚፈጅብንማ ሪሉ ላይ ስላልተጻፈ ነው። ዘንግ ላይ ተጽፏል። ማንኛውንም የባስ ዘንግ አንሱ፤ ከመያዣው ከፍ ብሎ ከስንት እስከ ስንት አውንስ እንደሚወረውር ታገኛላችሁ። ሪሉን አንሱ፤ የለም። ሳጥኑን አገላብጡት፤ የለም። በሳጥኑ ላይ ያለው የኩሽኔታ ብዛት ነው። 10 ሲደመር 1 ይላል። የኩሽኔታ ብዛት የኩሽኔታን ጥራት አይናገርም፤ አራት ጥሩ ኩሽኔታ ያለው ሪል አሥር ርካሽ ኩሽኔታ ካለው ይበልጣል። ግን ቁጥሩ በትልቁ ታትሟል፣ እኛም ትልቁን ቁጥር አምነን እንከፍላለን። ቀጥሎ ማርሹ አለ፤ 6.3 ለ 1፣ 7.1 ለ 1፣ 8.1 ለ 1። እጀታው አንድ ዙር ሲዞር ማጠንጠኛው ስንት ጊዜ እንደሚዞር መናገሩ ነው። ደህና። ነገር ግን በአንድ ዙር ስንት ክር እንደሚገባ የሚወስነው የማጠንጠኛው ስፋትም ስለሆነ፣ ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ሪሎች እኩል ክር አይሰበስቡም። ታዲያ ያን ቁጥር ይዘን ምን እናድርገው?

መጠኑም እንደዚሁ ነው። አንዱ ፋብሪካ ስፒኒንጉን 2500 ይለዋል፣ ሌላው ያንኑ የሚያክለውን 30 ይለዋል። ቤይትካስተር ሲሆን 100፣ 150፣ 200 እያለ ይሄዳል፤ የምኑ 100 እንደሆነ የሚነግረን የለም። ማባበያው በአውንስ፣ የክሩ ጥንካሬ በፓውንድ፣ ርዝመቱ በያርድ። ጃፓን የተሠራ ሲሆን ደግሞ ውፍረቱ በሚሊሜትር፣ ርዝመቱ በሜትር ይጨመርበታል። አሳ ልናጠምድ ወጥተን ሒሳብ ስንሠራ ይመሻል።

የእጀታው ነገር ግን ከሁሉም ያናድዳል። ስፒኒንግ እጀታው ተፈቶ ወደ ፈለግነው ጎን ይዞራል፤ ምስጋና ይድረሰው። ቤይትካስተር አይዞርም። ስንገዛ ቀኝ ወይም ግራ ብለን መምረጥ አለብን። ቀኝ እጃችንን የምንጠቀም ሰዎች «ቀኝ» የሚለውን እናነሳለን፤ ማን አያነሳም? ቤት ስንደርስ ግን «ቀኝ» ማለት እጀታው በቀኝ በኩል ነው ማለት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በቀኝ እንወረውራለን፣ ማባበያው ውኃ ሳይነካ ዘንጉን ወደ ግራ እጅ እናዛውራለን፣ ከዚያ በቀኝ እንጠቀልላለን። በእያንዳንዱ ውርወራ፣ ቀኑን ሙሉ! ባስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ማባበያው ገና ሲሰምጥ ነው፤ ልክ እጅ በምንቀይርባት ቅጽበት። ይህ ልማድ የቀረው የድሮዎቹ ሪሎች እጀታቸው በቀኝ ስለነበረ ነው። በስፒኒንግ ያደገ ሰው በግራ መጠቅለል ለምዶ ይመጣል፤ ግራውን ሲጠይቅ ግን «ከቀኙ ብቻ ነው ያለን» ይባላል። እንዲመጣለት ያዝዛል፣ ይጠብቃል፤ የፀደዩ ጥሩ ወቅት እስከዚያ ያልፋል።

አሁን ወደ ትብትቡ እንምጣ። ቤይትካስተር የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ማባበያው አየር ላይ ሳለ ይዘገያል፤ ማጠንጠኛው ግን ሹፌሩ ድንገት ፍሬን እንደያዘበት የታክሲ ተሳፋሪ ወደፊት መንደርደሩን አይተውም። ክሩ ከሚወጣው በላይ ይፈታል፣ ማጠንጠኛው ላይ ይከመራል፣ ይቆላለፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጣትና የጥፍር ሥራ ነው። ጀልባው በነፋስ ይንሸራተታል፣ ጓደኛችን አሳ ያወጣል፣ እኛ ክር እንፈታለን።

ፍሬን አለው ይሉናል። አዎ አለው። አንዱ በማግኔት፣ ሌላው ማጠንጠኛው በፍጥነት ሲዞር ወደ ውጭ በሚገፉ ትናንሽ ክብደቶች ይሠራል። በተጨማሪ በጎን በኩል ማጥበቂያ አለ፤ ማባበያው ቀስ ብሎ እስኪወርድ፣ መሬት ሲነካም ማጠንጠኛው እስኪቆም እናስተካክለዋለን። ይህን ሁሉ አድርገን ጨርሰን ማባበያ ስንቀይር ክብደቱ ስለተለወጠ እንደገና እናስተካክላለን። ነፋስ ሲነሳ እንደገና። ይህን ሁሉ አስተካክለንም የመጨረሻው ፍሬን የራሳችን አውራ ጣት ነው፤ አውራ ጣት ደግሞ የሚሠለጥነው በብዙ ውርወራ ብቻ ነው። ይህን ከመግዛታችን በፊት የነገረን ሻጭ የለም። ቢነገረን ኖሮ መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ መንጠቆ በሌለው ክብደት፣ ፍሬኑን አጥብቀን በተለማመድን ነበር።

ታዲያ ስፒኒንግ ንጹሕ ነው? አይደለም። ክሩን ያጠማዝዛል። አሳው እየሳበ፣ ድራግ የሚባለው የሪሉ ፍሬን ክር እየለቀቀ ሳለ እጀታውን የሚያዞር ሰው በየዙሩ ክሩ ላይ ጥምዝ ይጨምራል። ክሩን የሚይዘውን ቀለበታማ ሽቦ በእጁ ሳይዘጋ እጀታውን በማዞር የሚዘጋ ሰው ማጠንጠኛው ላይ ልል ክር ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ ያ ልል ክር ከጥቂት ውርወራ በኋላ ተጠቅልሎ ይወጣና የዘንጉ ቀለበቶች ላይ ይቋጠራል። ወፍራም የፍሎሮካርበን ክር ከሞላንበት እንደ ሽቦ እየተፈናጠረ ከማጠንጠኛው ይወርዳል። ብሬድ የሚባለውን የተጎነጎነ ክር በቀጥታ ባዶው ማጠንጠኛ ላይ ካሰርን፣ ሙሉው ክር ማጠንጠኛው ላይ ይንሸራተታል፤ አሳው ይሄዳል፣ ድራጉን እናጠብቃለን፣ ምንም ለውጥ የለም። ከሥር ጥቂት ዙር ተራ ናይለን ቢጠቀለል የሚያበቃ ነገር ነው። በመመሪያው ወረቀት ላይ ግን ሪሉን አሸዋ ላይ እንዳናስቀምጥ የሚመክር አንቀጽ አይተናል እንጂ ይህን አላየንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ንቀቱ አለ። «ጋሼ፣ ስፒኒንግ እኮ የልጅ ነው» ይላል አንዱ ወጣት፣ ከጎናችን ቆሞ። የልጅ አይደለም። በየውድድሩ ስመ ጥር የሆኑት ባለሙያዎች ጀልባቸው ላይ ስፒኒንግ አላቸው፤ ውኃው ሲጠራና አሳው ሲጠነቀቅ ትንሿን ትል በቀጭን ክር የሚልኩት በእሱ ነው። የራሳችን ወንዝም ምስክር ነው። ከግሬት ፎልስ በላይ ፖቶማክ ድንጋያማና ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ስሞልማውዝ ባስ ይኖርበታል፣ ቀላል ማባበያ ይፈልጋል። ከዋሽንግተን በታች ወንዙ ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተስፋፋው ሃይድሪላ የሚባለው ሳር በየዳርቻው ይበቅላል፣ ላርጅማውዝ የሚባለው ባስ ሳሩ ሥር ይደበቃል። እዚያ ቀጭን ክር ይዞ የሄደ ሰው አሳው ነክሶለትም ባዶውን ይመለሳል። አንድ ወንዝ፣ ሁለት ዓይነት ሥራ። ስለዚህ የትኛው «ይበልጣል» ብሎ የሚሟገት ሰው መጀመሪያ የትኛው ዳርቻ ላይ እንደቆመ ይንገረን።

ክርክሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ማጠንጠኛው የሚዞርበት ሪል አሜሪካ ውስጥ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኬንታኪ፣ በሰዓት ሠሪው በጆርጅ ስናይደር እጅ ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ ማጠንጠኛው በማይዞርበት ሪል ላይ የባለቤትነት መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ እስካሁን ሳጥኑ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አልተቻለም። ጆርጅ ፔሪ የሚባል አጥማጅ እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ የመዘነውን ባስ ሲያወጣ ከጓደኛው ጋር በአንድ ዘንግ እየተፈራረቀ ነበር። የማግኔት ፍሬን አልነበረም፣ 8.1 ለ 1 ማርሽ አልነበረም። ሰባት ዘንግ ካልያዛችሁ አትውጡ የሚሉንን ሰዎች ይህን ሰው እንዲያስቡት እንፈልጋለን።

እንግዲህ አሁን አዲስ ሰው ሲጠይቀን የምንመልሰው ይህን ነው፤ ምን ልትወረውር ነው? ከ10 ግራም በታች ከሆነ፣ ወይም ገና እየተማርክ ከሆነ፣ 2500 ስፒኒንግ ግዛና ውጣ። ሳር ውስጥ ልትገባ፣ ወፍራም ክር ልትጠቀም ከሆነ ቤይትካስተር ግዛ፤ እጀታው በየት በኩል እንዲሆን እንደምትፈልግ ግን ሱቅ ውስጥ ሳለህ በእጅህ ሞክረህ እይ። ሻጩ ይህን ቢል ምን ይጎድልበታል?

ሪሉን ከመረጥን በኋላ ደግሞ ክሩ ይጠብቀናል። ሪሉ የሚይዘው 110 ያርድ፣ ጥቅልሉ የሚሸጠው 200 ያርድ። የተረፈው 90 ያርድ ሁለተኛ ሪል አይሞላ፣ እንዳይጣል ደግሞ ገንዘብ የወጣበት ነው። ፋብሪካዎቹ የሪሉን ልክ ያውቁታል፤ እዚያው ሪሉ ላይ ራሳቸው ጽፈውታል። በዚያው ልክ ቆርጠው ይሽጡልን።